ጎበዝ ልጅ፣ የማይመጥነው ክፍል፦ ደብል ይምታ፣ ትምህርት ቤት ይቀይር፣ ወይስ አስጠኚ ይቀጠርለት?

ልጄ ሁለተኛ ክፍል እያለ ቲቸሩ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ልጅዎ ክፍል ውስጥ አይከታተልም፤ የሰው እስክሪብቶ እየፈታታ አስቸግሯል።» ማታ ጠየቅኩት። «ውስጡ ያለውን ስፕሪንግ ላየው ብዬ ነው» አለ። የክፍል ሥራህስ? «ጨርሼ ነበራ!» ደብተሩን አወጣሁት። እውነቱን ነው። ሃያውንም የመደመር ጥያቄ ሠርቷል፣ ሁሉም ልክ ነው። ከሥር ሃያ አንደኛ ጥያቄ ራሱ ፈጥሮ ሠርቷል። እሱ ላይ ቀይ ኤክስ አለ። መልሱ ስለተሳሳተ አይደለም፣ ስላልታዘዘ ነው።

ከዚያች ቀን ወዲህ ያልሞከርኩት ነገር ጥቂት ነው። ገንዘቤን ያባከንኩበት አለ፣ በነጻ የሠራልኝ አለ። ዘመድ ሁሉ ምክር አለው፦ አንዱ «ደብል ይምታ»፣ ማለትም ክፍል ይዝለል፣ ይላል፣ አንዱ «ኢንተርናሽናል አስገቢው»፣ ሌላው «ተይው፣ ልጅ ነው፣ ይጫወት»። ሁሉም ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ግን ለሁሉም ልጅ አይደለም። እዚህ የምጽፈው አማራጮቹን ጎን ለጎን አድርጌ ነው። የማዳላበት ስላለ ቀድሜ ልናገር፦ እኔ ከትንሹ ለውጥ ይጀመር የሚል አቋም አለኝ።

መጀመሪያ የጎደለውን ለዩ

«ትምህርት ቤቱ አይመጥነውም» ስንል የምንለው ነገር አንድ አይደለም። ለአንዱ ልጅ የጎደለው የትምህርቱ ፍጥነት ነው፣ ሌላው በሁለት ወር የሚማረውን እሱ በሳምንት ጨርሶ ይቀመጣል። ሌላው የጎደለው ጥልቀት ነው፣ «ለምን?» ሲል «መጽሐፉ ላይ ያለውን ብቻ» ይባላል። ሦስተኛው ትምህርቱ ብዙም አልከበደውም አልቀለለውም፣ የጎደለው የሚያዋራው ሰው ነው። ስለ ጥቁር ጉድጓድ (ሕዋ ላይ ስላለው ብላክ ሆል) ሊያወራ ሲል የሚስቁበት ልጆች መሀል ነው የሚውለው። ለነዚህ ሦስት ልጆች መድኃኒቱ ሦስት ዓይነት ነው። ብዙ ወላጅ ገንዘቡን የሚከሰክሰው ይህን ሳይለይ ነው። እኔን ጨምሮ።

ደረጃ አያታልላችሁ። ከሃምሳ ልጅ አንደኛ መውጣት ማለት ከሃምሳው ይሻላል ማለት ነው፣ እሱ ምን ያህል እንደሚችል ግን አይናገርም። ሸምዳጅም አንደኛ ይወጣል። በተቃራኒው አስራ ሰባተኛ የሚወጣ፣ ጽሑፉ የማይነበብ፣ ግን ጥያቄው መምህሩን የሚያላብ ልጅ አለ።

ታዲያ በምን ይለካል? ጁሊያን ስታንሊ የሚባል አሜሪካዊ ፕሮፌሰር በ1971 እ.ኤ.አ. በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ሥራ ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ለ12 እና ለ13 ዓመት ልጆች ኮሌጅ መግቢያ የሚፈተኑትን ኤስ ኤ ቲ መስጠት። በእድሜያቸው ፈተና ሁሉም መቶ የሚያመጡት ልጆች በከባዱ ፈተና ላይ በጣም ይለያያሉ። ሁለት ሜትር የሆነን ሰው በአንድ ሜትር ማስመሪያ አትለኩትም።

እቤት የሚሠራውም ይኸው ነው። የቀጣዩን ክፍል መጽሐፍ አምጡ። ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፉ ሞልቷል፣ ከጎረቤት ልጅ መዋስም ይቻላል። ከየምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን ማጠቃለያ ጥያቄዎች ሳታስተምሩት ስጡት። ግማሽ በግማሽ ከሠራ ያንን ክፍል ተቀምጦ መድገም ለሱ እንቅልፍ ነው። ከዚያ ደግሞ ከዚያ ቀጣዩን። የኔው ልጅ ሦስተኛ ክፍል ገብቶ በሒሳብ አምስተኛ ክፍል ድረስ ሄደ፣ በአማርኛ ግን እዚያው ሦስተኛው ላይ ተንገዳገደ። ይቺ ወረቀት ናት በኋላ ከስህተት ያዳነችኝ።

በነገራችን ላይ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ሌላም አለ፦ ጎበዝ ሆኖ ማንበብ ወይም መጻፍ በጣም የሚከብደው ልጅ አለ፣ ጉብዝናው ችግሩን ይሸፍንበታል፣ ችግሩም ጉብዝናውን።

ባለበት ሆኖ ክፍሉን ማስተካከል

ወጪው ዜሮ ነው። የሚጠይቀው ትዕግሥትና አነጋገር ነው። አነጋገሩን መጀመሪያ አበላሸሁት። ገብቼ «ልጄ ትምህርቱ ቀሎት ነው የሚረብሸው» አልኩ። ቲቸሯ ፊቷ ተለወጠ። ልክ ናት፣ «አንቺ አታስተምሪም» ያልኳት ነው የመሰላት። ሃምሳ ልጅ ይዛ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሴት ናት።

በሁለተኛው ጊዜ ደብተሩንና የሠራውን የአምስተኛ ክፍል ጥያቄ ይዤ ሄድኩ። «ቲቸር፣ ይኼን እቤት ሠራው፣ እስቲ እይልኝ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አልኩ። አየችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ ናት።

ምን መጠየቅ ይቻላል? አንደኛ፣ ምዕራፉን ሲጀምሩ የመጨረሻውን ፈተና ይፈተንና ካወቀው በዚያ ክፍለ ጊዜ ሌላ ነገር ይሥራ። ሌላ ነገር ማለት ሃያ ጥያቄ ለጨረሰ ሌላ ሃያ ተመሳሳይ ጥያቄ መጨመር አይደለም። ያ ቅጣት ነው። ልጅ ደግሞ ሞኝ አይደለም፣ በሁለተኛው ቀን ቀስ ብሎ መሥራት ይጀምራል። ሁለተኛ፣ እና ለኔ ከሁሉም የተሻለው፣ በሚበልጥበት ትምህርት ብቻ ከፍ ወዳለ ክፍል ገብቶ መማር ነው። ሒሳብ ሲሆን ደብተሩን ይዞ ወደ ላይኛው ክፍል ይሄዳል፣ ሲያልቅ ወደ ጓደኞቹ ይመለሳል። የሁለቱ ክፍሎች የሒሳብ ሰዓት መግጠም አለበት። ዩኒት ሊደሯ ፕሮግራሙን ስታይ አምስቱም ቀን አልገጠመም፣ ሁለቱ ገጠመ። ሁለት ቀን ከምንም ይሻላል ተባባልን።

የማትቀበሉት ነገር፦ ቶሎ የጨረሰውን ልጅ ሞኒተር አድርጎ «የረበሹ» እያለ የጓደኞቹን ስም እንዲጽፍ ማድረግ። ሥራ የተሰጠው ይመስላል። የሚያተርፈው ግን ጠላት ብቻ ነው። ለደከሙት እንዲያስረዳ ማድረግም አንዳንዴ ጥሩ ነው፣ ሁልጊዜ ከሆነ ግን እሱ መቼ ይማር?

ይህ አማራጭ የማይሠራው መቼ ነው? ትምህርት ቤቱ ሲዘጋባችሁ። «እዚህ ለአንድ ልጅ ብለን ሥርዓት አንቀይርም» ካሏችሁና ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ በዚያው ከጸኑ፣ ጊዜ አታባክኑ።

ደብል መምታት

ያባቶቻችን ትውልድ «ደብል መትቼ ነው የጨረስኩት» ሲል ደረቱን ነፍቶ ነው። እንዲያውም ከዚያ በፊትም እድሜን በክፍል ማሠር የሚባል ነገር አልነበረም። የአብነት ትምህርት ቤትን አስቡት፣ ፊደል የለየ ወደ ንባብ ያልፋል፣ ዳዊት የደገመ ወደ ዜማው ወይ ወደ ቅኔው ይሻገራል፣ እድሜህ ስንት ነው የሚለው የለም፤ የገባው ላልገባው ያስረዳል፣ ያልገባው እስኪገባው እዚያው ይቆያል። የሰባት ዓመት ልጆችን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ማስቀመጥ የመጣው በኋላ ነው።

ጥናቶችም ወላጅ የሚፈራውን ያህል አያስፈሩም። በደንብ ታስቦበት ክፍል የዘለለ ልጅ በትምህርቱ ብዙውን ጊዜ ይጠቀማል፣ በማኅበራዊ ኑሮውም በአብዛኛው የሚጎዳ ነገር አልተገኘም። «በደንብ ታስቦበት» የምትለዋ ቃል ላይ አስምሩባት።

ምክንያቱም ካርድ ብቻ አይቶ ማዘለል አደጋ አለው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ልጆች ሁሉ በየዓመቱ ካርዳቸው ላይ «ተዛውሯል» ተብሎ ነው እዚያ የደረሱት። ስለዚህ ካርድ ላይ 98 ማየት የቀጣዩን ዓመት ትምህርት ያውቃል ማለት አይደለም። የላይኛውን ክፍል ጥያቄ በሁሉም ትምህርት ይሥራ፣ ከዚያ እንነጋገር።

ለኔ ልጅ ደብል ያልመረጥኩት ለዚህ ነው። በሒሳብ ቢዘል ጥሩ። በአማርኛ ጽሑፍ ግን ይወድቅብኛል። እጁም ገና ነው፣ የላይኛው ክፍል ከሰሌዳ የሚገለበጠው ብዛት ያደክመዋል። ደብል የሚስማማው በሁሉም ቀድሞ ለሄደ፣ ከትልልቅ ልጆች ጋር መዋል ደስ ለሚለውና ራሱ ለሚፈልግ ልጅ ነው። ራሱ ካልፈለገ ተዉት።

አንድ የቢሮ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ከተማ አቀፍ ፈተና አለ። ልጁ የዘለለው ክፍል በካርዱ ላይ ባዶ ሆኖ ቆይቶ ለፈተና ሲመዘገብ ጥያቄ እንዳይነሳ፣ ውሳኔውን ማኅተም ባለበት ደብዳቤ ያዙ። በቃል «ችግር የለም» ከተባላችሁ ችግር አለ። ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ ጠይቁ። ከዘለለ ደግሞ ከፈተና ክፍሎቹ ርቆ፣ በታችኞቹ ክፍሎች ቢሆን ይቀላል።

አስጠኚ ወይስ ሌላ ዓይነት ሰው

ገንዘቤ ያለቀው እዚህ ነው። ሁሉም አስጠኚ ስለሚቀጥር እኔም ቀጠርኩ። አስጠኚው ምስኪን ልጅ ነበር፣ ሥራውን አክብሮ ይመጣል። ግን የሚያደርገው የቤት ሥራውን ማሠራትና የነገውን ምዕራፍ ቀድሞ ማስተማር ነው። ውጤቱን ገምቱ፦ ልጄ ከቤት ተምሮት የሚሄደውን ነገር ክፍል ውስጥ እንደገና ይሰማል። ድሮ የሚሰለቸው አንዴ ነበር፣ አሁን ሁለቴ ሆነ። ለደከመው ልጅ የተሠራ መድኃኒት ነው ለሱ የሰጠሁት።

አስጠኚ ከቀጠራችሁ ሥራውን ለይታችሁ ንገሩት፦ የቤት ሥራ አታሠራው፣ መጽሐፉን አትንካ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት አንድ ከባድ ጥያቄ ይዘህ ና። የኢንጂነሪንግ ወይም የፊዚክስ ተማሪ ከተገኘ ከልምድ ባለቤቱ አስጠኚ ይሻላል ባይ ነኝ። ያልተመለሰ ጥያቄ ይዞ ለመቀመጥ አያፍርም።

ለኛ ግን ያ ሰው ከቤታችን ተገኘ። አባቴ በልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን የተማረ ነው፣ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የዘመን አቆጣጠሩን ስሌት፣ ያውቃል። አንድ ቅዳሜ ልጁ ግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር እያገላበጠ «አያቴ፣ ካላንደሩን የሚሠራው ሰው ቀኑን በምን ያውቃል?» አለው። አባቴ ጋቢውን ወደኋላ አደረገና «እርሳስ አምጣ» አለ።

«5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምር።» 2018 ሲደመር 7518። «ለአራት አካፍል፣ ቀሪውን ጣለው።» 1879። «ሁለቱን ደምራቸው።» 9397። «አሁን ለሰባት ግደፈው፣ ስንት ቀረ?» ልጁ ታገለ፣ ሦስት አለ። «አንድ ማክሰኞ ነው፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት?» ሐሙስ። ሮጦ ካላንደሩን ገለጠ። መስከረም 1፣ 2018 ሐሙስ ነው!

ያን ቀን ምሳ አልበላም ማለት ይቻላል። የተወለደበትን ዓመት ሠራ፣ የኔን ሠራ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ጠየቀ። ማታ ላይ ግን ዋናው ጥያቄ መጣ፦ «ለምንድነው ለአራት የሚካፈለው?» አባቴ ዝም አለ። መልሱን አልነገረውም። «ጳጉሜን ስንት ቀን ናት?» ብቻ አለው። አምስት። ሁልጊዜ? በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ በር ላይ «በየአራት ዓመቱ ስድስት ስለምትሆን ነው! ዓመቱ አንድ ቀን ይገፋል፣ በአራተኛው ሁለት ይገፋል!» እያለ ገባ። ማክሰኞ ለምን አንድ ሆነ ሲለው ደግሞ አባቴ ጥንተ ቀመር (የቆጠራው መነሻ ቀን) ማክሰኞ ስለሆነ ነው ብሎ ሌላ የአንድ ወር ወሬ ከፈተለት። አስጠኚውን ያን ወር አሰናበትኩ።

ሁሉም ሰው ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ አባት የለውም። ግን ሬዲዮ የሚጠግን ጎረቤት፣ ሒሳብ ያዥ አክስት፣ መሰንቆ የሚጫወት ሰው አይጠፋም። ልጁ የሚፈልገው ነገሩን ከልቡ የሚያውቅ ሰው ነው።

ትምህርት ቤት መቀየር

ትልቁ፣ ውዱና ለመመለስ የሚያስቸግረው ይህ ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። በዶላር የሚያስከፍሉት ውስጥ ትንሽ ክፍል፣ ላብራቶሪና ፕሮጀክት ይገኛል፣ እሱን አልክድም። ግን ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሲዘል ክፍያውን በብር የሚያሰሉ ወላጆች ምን ላይ እንደወደቁ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዴ ሥርዓተ ትምህርቱ ከተቀየረ በኋላ ወደ አገር ውስጡ መመለስም ቀላል አይደለም፣ አማርኛው ይቀራል፣ ከተማ አቀፉ ፈተና ይጠብቃል።

በብር የሚከፈልባቸው የግሎቹ ደግሞ ስም ስላላቸው ብቻ አትግቡ። ብዙዎቹ «ጠንካራ» የሚባሉት የቤት ሥራ ስለሚያበዙ ነው። ጉብኝት ስትሄዱ ስለ ላብራቶሪው ሳይሆን ይህን ጠይቁ፦ «ምዕራፉን ቀድሞ የሚያውቅ ልጅ ቢመጣላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» መልሱ «ሁሉም እኩል ነው የሚሄዱት» ከሆነ ያላችሁበት ይሻላል፣ ቢያንስ ጓደኛ አለው። ልጁ አንድ ቀን ሙሉ ክፍል ገብቶ እንዲውል ከፈቀዱ ደግሞ እሰየው።

ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶችን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። መቀሌ ቃላሚኖ፣ አዳማ የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ልዩ አዳሪ፣ ደብረ ብርሃን ሀይሌ ማናስ አካዳሚ፣ እነዚህ ተመርጠው የሚገቡባቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ሩቅ ነው። ጎበዝ ጓደኛ ለጎደለው ጎረምሳ ግን ምናልባት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፣ እንደሱ ዓይነት ልጆች መሀል ይገባል፣ ለመጀመሪያ ጊዜም አንደኛ ላይወጣ ይችላል።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ብቻ። እህቴ ቨርጂኒያ ነው ያለችው። እዚያ ሕጉ ራሱ የትምህርት ዲስትሪክቶችን ለእንዲህ ያሉ ልጆች ዕቅድ እንዲኖራቸው ያዛል፣ እንደ ፌርፋክስ ባሉት ካውንቲዎች ወላጅ ራሱ ልጁን መጠቆም ይችላል። የኛ ሰው ግን ጨዋ ነው፣ መምህሩ እስኪነግረው ይጠብቃል። አትጠብቁ፣ ቅጹን ሙሉ።

ቤት ማስተማርን የሚያስቡም አሉ። አንዳችሁ ቀኑን ሙሉ ቤት ካልሆናችሁ አይሆንም። ከሆናችሁም ነገ ሲመለስ ካርድና መሸኛ መጠየቁ አይቀርም፣ ያንን አስባችሁ ግቡበት።

በነጻ ያለው

ስክራች የሚባለው የኮዲንግ ፕሮግራም በአማርኛ አለ፣ አንዴ አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ካን አካዳሚ በእንግሊዝኛ ነው፣ ግን ሒሳቡን ልጁ በራሱ ፍጥነት ይሄድበታል። አራት ኪሎ በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል አለው። የኛ ቅዳሜ እዚያ ነው፣ መጽሐፍ መርጦ ከተቀመጠ ውጣ ማለት ጭቅጭቅ ነው። ከፍ ላሉት ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ክረምት ላይ የሚያካሂደውን የሳይበር ታለንት ምዝገባ ጠብቁ።

እነዚህ ጥልቀት ለጎደለው ልጅ ይበቃሉ። ፍጥነት ለጎደለው ግን አይበቁም፣ ምክንያቱም ቅዳሜ የጠገበ ልጅ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስክሪብቶ መፍታቱን አይተውም። ለዚህ ነው ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር መለወጥ ያለበት የምለው።

እኛ ያረፍንበት እንግዲህ ይህ ነው፦ እዚያው ትምህርት ቤት፣ እዚያው ክፍል፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሒሳብ ከስድስተኛ ክፍሎች ጋር፣ ቅዳሜ አብርሆት ወይ አያቱ ጋ። ወጪያችን የታክሲ ነው። ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሐሙስ ከስድስተኛ ክፍሎች ጋር የተፈተነውን ኩዊዝ ይዞ መጣ። ከአስር ስድስት። ቦርሳውን በሩ ላይ ጥሎ አለቀሰ፣ በሕይወቱ ስድስት አግኝቶ አያውቅም። እኔ ውስጤ ደስ ብሎኛል፣ ግን እንዴት ተብሎ ይነገረዋል። ሻይ ቀዳሁለት። ሲረጋጋ ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ «እስቲ ሰባተኛዋ ላይ ምን እንደሳትኩ ልየው» አለ።